ዘርፍ ያለው የአባቴ አልጋ

ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኝበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የሸራ መስፊያ ቤት ነበረኝ። ሴት ልጅ ቀሚስ ትሰፋለች እንጂ የከባድ መኪና ሸራ ትሰፋለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ፣ መጀመሪያ ላይ ሾፌሮቹ ገና ከበሩ ሳይገቡ «ባለቤቱ የለም?» ይሉኝ ነበር። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ሸራህን አውርድ» እላለሁ። በኋላ ለመዱኝ። ባጃጅ ወደ ከተማችን ሲገባ ደግሞ ሥራው በዛ። ጣሪያው፣ የጎን መጋረጃው፣ የወንበሩ ልብስ፣ ዙሪያውን የሚንጠለጠለው ባለ ብዙ ቀለም ዘርፍ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ዘርፉን አልወደውም ነበር፤ ባጃጁን የሰርግ በቅሎ ያስመስለዋል። ሾፌሮቹ ግን ያለ ዘርፍ ሞተር የሚነሣ አይመስላቸውም፤ ስለዚህ ከቤቴ ጥግ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ዘርፍ ተጠቅልሎ አይጠፋም።

ይህን የማወራው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ትንሽ ብመጻደቅም የሚከለክለኝ የለም። ስለ አባቴ ለመናገር ነው።

አባቴ የፎገራ ሜዳ ገበሬ ነበሩ። እናታችንን «አንቺ»፣ አባታችንን «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው፤ ዛሬም ስጽፍ እጄ አንቱታውን እምቢ አይልም። ሩዝ ይዘራሉ፣ ጓያና ሽንብራ ይዘራሉ፤ ልባቸው ግን ከከብቱ ላይ ነበር። በእኛ አገር ከብት ውሃን ተከትሎ ነው የሚኖር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ከብቱ ወደ ደጋማው ጠርዝ ይሸሻል። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ጣና ይመለሳል፤ ከብቱም ከኋላ ከኋላው አዲሱን ሣር እየነጨ ይወርዳል። መጀመሪያ ወንዙ ዳር ከሾላዎቹ ሥር፣ በጋው ሲጠና ደግሞ ዛፍ ከሌለበት ከሐይቁ ዳር። ሰውም ከከብቱ ጋር ወርዶ እዚያው ያድራል። አባቴ ልጅ ሆነው የጀመሩትን ይህን ማደር ጠጉራቸው ከሸበተም በኋላ አላቆሙም፤ ላሞቻቸውን በአረማመዳቸው ድምፅ ይለዩ ነበር።

አንድ ዓመት ከሐይቁ ዳር ሲመለሱ ቀና ማለት አቃታቸው። ወገባቸው እንደ ማጭድ ጎበጠ። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል አስተኝቼ አስታመምኳቸው። የጤና ጣቢያው ሰው «እርጥብ መሬት ላይ መተኛት ያቁሙ» አላቸው፤ ለእሳቸው ከከብትዎ ይለዩ ማለት ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አባቴ በቤቴ መኖራቸው ደስ ብሎኝ ነበር። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ከሾፌሮቹ ጋር ስጨቃጨቅ ሰምተው ይስቃሉ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲተኙ ሳይ፣ ከእናቱ ተነጥሎ የታሰረ ጥጃ ትዝ ይለኛል። ከመንገዱ የከባድ መኪና ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር «እስቲ ያችን ላም እዩዋት፤ ምን ሆና ነው የምትጮኽ?» ይላሉ። ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን አንዳንዴ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

ባሕር ዳር የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ መጣና ከብቱ ይሸጥ አለ። ካልሆነም ሰው ይቀጠርና ይጠበቅ።

«ሜዳ ላይ ላም እያለችኝ ላም አለኝ በሰማይ ልበል?» አሉ አባቴ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በእንዲህ ያለ ውል አለቀ፦ ዘንድሮ አንድ ጊዜ ይውረዱ፤ ዳግመኛ ጎብጠው ከተመለሱ ከብቱ ይሸጣል፣ እሳቸውም ወረታ ይገባሉ። አባቴ «እሺ» አሉ። እኔም የዚያኑ ዕለት፣ እኚህ ሰው መሬት ሳይነካቸው የሚያድሩበት ነገር ካልሠራሁ የተማርኩት ስፌት ምን ይረባል አልኩ።

መላውን ያገኘሁት ከመኪና ሥር ነው። የተሳቢ ረዳቶች ቀን ሙቀት ሲበረታ ሸራ ቢጤ ከመኪናው ሆድ ሥር በሁለት ወገን አስረው፣ ከመሬት ከፍ ብለው ይተኛሉ። ስንት ዓመት አይቻቸው አልፌአለሁ። አንድ ቀን አንዱ ረዳት የተተረተረ ማሰሪያውን ሊያሰፋ መጣና፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ውሃው ከሥሩ ሲወርድ እሱ ከላይ ደረቅ ሆኖ እንዳደረ ነገረኝ። ወስፌው እጄ ላይ ቀረ።

ችግሩ ዛፍ ነበር። ወንዙ ዳር ሳሉ መሬቱ ጭቃ ነው፣ ዛፍ ግን አለ። ሐይቁ ዳር ሲወርዱ መሬቱ ደረቅ ይላል፣ ማሰሪያ የሚሆን ግንድ ግን በዐይን የለም። ስለዚህ የምሠራው ነገር ዛፍ ሲገኝ የሚንጠለጠል፣ ዛፍ ሲጠፋ መሬት ላይ የሚተከል መሆን አለበት። ሁለት ዕቃ እንዳልሠራ የሚሸከሙት አባቴ ናቸው።

መተኛውን ከአሮጌ የመኪና ሸራ ሁለት ድርብ አድርጌ ሰፋሁት፤ በድርቡ መካከል ገለባ እንዲጠቀጠቅበት አንዱን ጫፍ እንደ ጆንያ አፍ ክፍት ተውኩት። ከላይ ለወባ የታደለንን ነጭ አጎበር ዙሪያውን ገጠምኩ። ለጣሪያ ቀለል ያለ ሸራ፤ ሲንጠለጠል ገመድ ላይ ይጣላል፣ መሬት ላይ ሲሆን የአባቴ ዱላና አንድ ሌላ እንጨት ምሰሶ ይሆኑለታል፣ ጠርዙ በካስማ ይወጠራል። ለማሰሪያ ከከባድ መኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ካላማዳሪ በሰፊው ቀደድኩ፤ ላስቲኩ ግንዱን አይቆርጥም፣ አይንሸራተትም። የቀረው ወገባቸው ነው። ጨርቅ በሁለት ጫፍ ሲታሰር መሀሉ ይጎደጉዳል፣ ሰውም አብሮ ይጎብጣል። ለዚህ በሁለቱ ረጅም ጎኖች እንደ እጅጌ ያለ ማስገቢያ ሰፋሁና ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ እንጨቶች አሳለፍኩባቸው። በጫፍና በጫፉ አጭር አግዳሚ እንጨት ሲገባለት መተኛው እንደ አልጋ ቀጥ አለ። በራሴ ተደነቅኩ።

ሙከራውን በራሴ ላይ አደረግኩ። ከሱቁ ምሰሶና ከአጥሩ ግንድ ጋር አሰርኩትና ወጣሁበት። ካላማዳሪውን የቋጠርኩት እንደ ክር ስለነበር ተፈታና ዘጭ አልኩ። ከበሩ ተሰልፈው የነበሩ የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። «እትዬ፣ ፍሬን የለውም እንዴ?» አለኝ አንዱ። ተነሥቼ ቋጠሮውን በሬ ከቀንበር እንደሚጠመድበት አድርጌ አጠበቅኩት። ከዚያ በኋላ ተፈትቶ አያውቅም።

አባቴ ሲያዩት እንደሚገዙት በሬ ዞሩት። ስፌቱን ጎተቱ፣ ማሰሪያውን ደባበሱ፣ ሆዱን ከሥር አንኳኩ። ከዚያ ወጡበትና ጋደም አሉ። ወገባቸው እንዴት እንደሆነ ለመስማት ቆሜ ስጠብቅ፦

«ልጄ፣ ከዚህ ሆኜ ከብቱ አይታየኝም» አሉ።

እውነትም የሸራው ጠርዝ ዐይናቸውን ጋርዶታል። እኔ ስለ ወገባቸው ስጨነቅ እሳቸው የሚያስቡት ያንኑ ነበር። በራስጌው በኩል ሸራውን ቀድጄ የአጎበር መስኮት ሰፋሁላቸው። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያችን መስኮት እወዳታለሁ፤ ሐሳቧ ግን የእሳቸው ነው።

መስቀል አልፎ ወንዙ ዳር ወረዱ። በማግስቱ ጧት ከእናቴ ቤት ስንቅ ይዤ እንዴት እንዳደሩ ለማየት ሄድኩ። ከፊቴ አንድ ጎረቤታችን ሽንብራ በጆንያ ተሸክሞ ወደ ወረታ ገበያ ይሄዳል፤ ድምፁ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ፣ ሳቁም ለቅሶውም የማይለይ ሰው ነው። ከሾላዎቹ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ጆንያውን ጣለ። እጁን ከራሱ ላይ ጭኖ፦

«ወየው! ወየው ጋሼ! የሜዳው ጌታ! ወየው!»

ወንዝ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሰሙት። ሰምተው ዝም የሚሉ አልነበሩምና ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ያን ጊዜ ነው እኔም በእነሱ ዐይን ያየሁት። ሁለት ረጅም እንጨት፣ በመካከሉ ሸራ፣ ከሸራው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ሰው። ቃሬዛ ነበር የሠራሁት። በእኛ አገር በሽተኛ ወደ ሐኪም፣ ሬሳም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ያው ቃሬዛ። ያንን ያየ ሰው የያዘውን ጥሎ ትከሻውን መስጠት ግዴታው ነው፤ ጎረቤታችንም ያደረገው የሚገባውን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሱቄ የመጣ ሁሉ አይቶት ኖሮ የነገረኝ አልነበረም።

አባቴ ከእንቅልፋቸው ነቁ። ልቅሶውን ሲሰሙ ቀና ብለው «ማን ሞቶ ነው?» አሉና፣ ለቅሶ ለመድረስ ጋቢያቸውን እየፈለጉ ከአጎበሩ ጋር ተጠላለፉ።

ያ ጎረቤታችን የሳቀው ሳቅ እስከ ሐሙሲት ተሰምቷል ቢባል አምናለሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷት ከበር ቆማ ጠበቀችኝ።

«ባሌን በቁሙ ቃሬዛ ላይ? ሟርት ነው! ያንን የእንጨት ማስገቢያ ዛሬውኑ ፍችልኝ!»

አባቴ አልተቆጡኝም። ሸራውን አጣጥፈው ከሾላው ሥር አስቀመጡትና ጭቃው ላይ ገለባ ነስንሰው መተኛት ጀመሩ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ይህን ያህል ሰው ምን ይለኛል የማይሉ ሰው ናቸው።

«ሰው በሳቀበት ላይ መተኛት እችላለሁ» አሉኝ፤ «ሰው ባለቀሰበት ላይ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ሲራመዱ አየኋቸው። አንድ እጃቸው ከወገባቸው ላይ ነበር። ወንድሜም ከባሕር ዳር የከብት ነጋዴ እያፈላለገ መሆኑን ሰምቻለሁ። ውሉ ውል ነው፤ ገና ኅዳር እንኳ ሳይገባ ልንሸነፍ ነው አልኩ። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በጭቃው ሳይሆን አይቀርም።

ሸራውን ወደ ሱቄ አስመጥቼ ማስገቢያዎቹን ፈታሁ። አዲሱን ክር በምላጭ ስተረትር የገዛ ቆዳዬን የምገፍ ያህል ነበር። እንጨቱ ወጥቶ ከምሰሶው ጋር ሳስረው መተኛው ተመልሶ ጎደጎደ፤ የወገባቸውም ነገር ወዴት እንደሚሄድ ታወቀኝ። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ። ተነሡና ወጡበት። እግራቸውን ወደዚህ፣ ራሳቸውን ወደዚያ እያደረጉ ሲገላበጡ ቆዩ። ከዚያ ሰውነታቸውን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ሰያፍ አድርገው ተዘረጉና ጸጥ አሉ። ሸራው ከሥራቸው ተወጥሮ ቀጥ ብሏል።

«አየሽ፣ ጥፋቱ የሸራው አልነበረም» አሉ። «አተኛኘቴ ነው። አንድ ክንድ ብቻ አስፊልኝ።»

እኔ በእንጨት ላቃናው የታገልኩትን እሳቸው ገልበጥ ብለው አቃኑት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴን ስመለከት ከብት ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የሙያ ባልደረባዬ ይመስሉኛል። በጎኑ አንድ ክንድ ሸራ ቀጥዬ አሰፋሁት።

የቀረው ልቅሶው ነው። «ሰው በሳቀበት ላይ መተኛት እችላለሁ» ያሉት ከጆሮዬ አልወጣም። ዐይኔ ከቤቱ ጥግ ላይ ወዳለው ዘርፍ ሄደ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። በዓለም ላይ የባጃጅ ዘርፍ ያለው ቃሬዛ ያየ ሰው የለም። ዙሪያውን፣ ሳልሰስት፣ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ መተኛው ጠርዝ ድረስ ለጠፍኩበት። ከዚያ በፊት ያን ያህል አስቀያሚ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። አባቴ አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ወንዙ ዳር ሲያልፍ ዘርፉ በነፋስ ሲወዛወዝ አየ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ጋሼ! ባጃጅ ገዙ? ቦታ አለ?»

«ሙሉ ነው፣ እለፍ!» አሉ አባቴ ከመስኮታቸው።

በዚያው የአልጋው ስም ባጃጁ ሆኖ ቀረ። ጎረቤታችን ባለፈ ቁጥር «ቦታ አለ?» ይላል፤ አባቴም «ሙሉ ነው» ይሉታል። አንድም ቀን አልሰለቻቸውም።

ጥር ላይ ሐይቁ ዳር ወርደው መሬት ላይ ሲተክሉት ሌላ ጉድ ገጠመን። የሚወዷት ጥቁርና ነጭ ላም ራሷን ከጠርዙ ሥር አስገብታ፣ እሳቸው ተኝተው ሳለ የድርቡን ገለባ በላችባቸው። «አልጋዬን ስታመሰኳ አገኘኋት» ብለው ላኩብኝ። ከወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ጀርባ እንደ ኮረብታ የሚከመረውን ገለፈት ሞልቼ ላክሁላቸው። ገለፈት ብርድ አያስገባም፤ ላምም አፏን አታስነካውም።

ግንቦት ሲያልቅ ተመለሱ። እኔ፣ እናቴ፣ ወንድሜና ሽማግሌዎቹ ከደጅ ተቀምጠን ነበር። ከብቱ ቀድሞ ገባ፤ ከኋላው አባቴ፣ ባጃጁን ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው፣ ዱላቸውን መሬት ሳያስነኩ ቀጥ ብለው መጡ። ወንድሜ ተነሥቶ ሸክሙን ተቀበላቸው። አባቴን በዚያች ቀን እንደኮራሁባቸው በማንም ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ በጋ ወረዱ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ባጃጁን ያመጡልኛል፣ የተተረተረውን እሰፋለሁ፣ ዘርፉን እለውጣለሁ። አንድ ዓመት ግን ገና በግንቦት መጡ። ፊታቸው ከስቷል፤ ከመቀመጫው ላይ ለመቀመጥ እንኳ ምሰሶውን ይዘው ነበር። ሸራውን ከስፌት መኪናዬ ላይ አኖሩት።

«ያን ጊዜ የፈታሽውን መልሰሽ ስፊው» አሉኝ።

«የቱን?»

«የእንጨቱን ማስገቢያ።»

ገባኝ። ስለ ገባኝም ተናደድኩ። ምን ሆኑ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ምን ያለ ሟርት ነው አልኩ፤ የእናቴ ቃል ከአፌ ወጣ።

«ሐኪም ቤትማ ሲብስብኝ እንሄዳለን» አሉ ረጋ ብለው። «ግን ሜዳው ውሃ ሲለብስ መኪና አይገባም፤ በሰው ትከሻ ነው የምወጣ። በሰው ቃሬዛ ከምቆረቆር በራሴ አልጋ ልሂድ። አተኛኘቱን አውቀዋለሁ።» ሊነሡ ሲሉ ደግሞ፦ «ዘርፉን አትንኪው» አሉኝ።

ሰፋሁት። ክሩን ድርብ አድርጌ፣ አንድ ስፌት ሳልዘል። እናቴ የሸራውን ሌላ ጫፍ ይዛልኝ ተቀምጣ ነበር። በዚያን ቀን ሟርት የሚል ቃል አልተናገረችም።

ሐምሌ ላይ ሲብስባቸው ወደ ሐኪም ልንወስዳቸው ባጃጁ ላይ አስተኛናቸው፤ ሰያፍ፣ እንደሚወዱት። ሁለቱ እንጨቶች ገቡ። ወንድሜ ከፊት ያዘ፣ የሰፈሩ ሰዎችም ከኋላ፤ እኔ ከጎን ከጎናቸው እሄዳለሁ። ከመንደሩ ጠርዝ፣ ከብቱ ከተሰማራበት ከፍታ ስንደርስ «አዙሩኝ» አሉ። ተሸካሚዎቹ አልገባቸውም። እኔ ግን ገባኝ፤ መስኮቷ በከብቱ ወገን እንድትሆን አዞርናቸው። ላሞቹን በየተራ ሲያዩ ማንም «እንሂድ» ሳይል ቆመን ጠበቅን። ከዚያ «ይበቃል» አሉ።

የመኪናው መንገድ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ያ ጎረቤታችን ጆንያ ተሸክሞ ከፊታችን መጣ። እሱም ሸብቷል፤ ዐይኑም እንደ ድሮው አይደለም። ከሩቅ የታየው ዘርፉ ብቻ ነበር፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እየተወዛወዘ። ፊቱ በሳቅ ፈካ።

«ባጃጁ! ቦታ አለ?»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ከአጎበሩ ውስጥ ግን ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ዛሬስ አለ» አሉ አባቴ። «ና።»

ሰውየው ቆመ። ጆንያውን ከመንገዱ ዳር አወረደና መጥቶ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገባ።